የዊንዶውስ ፈቃድ ፍተሻ እና የዘጋናቸው አፕዴቶች

በ1999 ዓ.ም. ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ክፍል ተከራይተን ኮምፒውተር እንጠግን ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የአንድ አነስተኛ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ የሆኑ እናት የኮምፒውተራቸውን ሳጥን ለልጃቸው አሸክመው መጡ። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ይነሣል፣ የሒሳብ ፕሮግራማቸው ፒችትሪም ይከፈታል። ያስጨነቃቸው ድርጅቱ ኢንተርኔት ካስገባ ወዲህ በስክሪኑ የታችኛው ጥግ ላይ እየወጣ አልጠፋ ያላቸው ጽሑፍ ነበር። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል በወረቀት ገልብጠው ይዘውት መጥተዋል። ትርጉሙ «ይህ የዊንዶውስ ቅጂ ትክክለኛ አይደለም፤ የሐሰተኛ ሶፍትዌር ሰለባ ሳይሆኑ አይቀሩም» የሚል ነው። እኔ ይህንን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ ሰለባ ከሆንኩ፣ ልጄ፣ የበደለኝ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

በዚያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ስለ ዊንዶውስ ፈቃድ የማውቀው ነገር ቢኖር እያንዳንዱ ሲዲ በላዩ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁልፍ እንዳለውና ያንን ቁልፍ ስናስገባ ሥራው እንደሚያልቅ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በሙያው ውስጥ ስቆይ፣ የሶፍትዌር ኩባንያዎች የደንበኞቻቸውን ስርዓተ ክወና ሕጋዊነት እንዴት እንደሚፈትሹ እየተከታተልኩ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ነው።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 ዊንዶውስ ኤክስፒን ሲያወጣ «አክቲቬሽን» የሚባለውን አሠራር ለተራው ተጠቃሚ አመጣ። ባለ 25 ፊደል ቁልፉን ያስገባ ሰው በ30 ቀን ውስጥ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ማስመዝገብ ነበረበት። ፕሮግራሙ ከሃርድ ዲስኩ፣ ከኔትወርክ ካርዱ፣ ከፕሮሰሰሩና ከሌሎች የመሣሪያው አካላት መለያ ይሰበስብና ቁልፉን ከዚያ ኮምፒውተር ጋር ያስተሳስረዋል። ኢንተርኔት የሌለው ሰው በስልክ 50 ገደማ አሃዞችን አንብቦ፣ የሚነገሩትን ሌሎች ረጃጅም ቁጥሮች አንድም ሳይሳሳት ማስገባት ይጠበቅበት ነበር። ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ለሚገዙ ትልልቅ ድርጅቶች ግን ይህንን ሁሉ የማይጠይቅ የጅምላ ቁልፍ ተዘጋጅቶላቸው ነበርና፣ ከእነዚህ ቁልፎች አንዱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ለገበያ ሳይቀርብ ገና በፊት ሾልኮ ወጣ። በከተማችን በሲዲ ላይ ተጽፎ ይዞር የነበረው ብዙው ቁልፍ የዚህ ዓይነት ነው።

አክቲቬሽን የሚደረገው በመጀመሪያው ጊዜ ነው። ቁልፉ በኋላ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ኩባንያው ተመልሶ የሚያይበት መንገድ ጠባብ ስለነበረበት፣ «ዊንዶውስ ጄኒዊን አድቫንቴጅ» የተባለውን ሁለተኛ ፍተሻ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 በፈቃደኝነት ጀመረ። በሐምሌ 2005 ደግሞ ፍተሻውን ያላለፈ ኮምፒውተር ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አብዛኛውን ፕሮግራም እንዳያወርድ አደረገ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በብራውዘሩ የአድራሻ መስመር ላይ በሚጻፍ አንድ ሐረግ ብቻ ፍተሻው ሊታለፍ እንደሚችል ታወቀ። አውቆ የሚሰርቀው ሰው በሩን በዚህ ፍጥነት ሲያልፍ፣ ሳያውቅ የገዛው ሰው ግን ደጅ ቀረ። እኔ ከፍተሻው ታሪክ ሁሉ መጀመሪያ የማነሣው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጡት ስሕተቶች ሁሉ እዚሁ ይጀምራሉና።

ወደ እኚያ እናት ኮምፒውተር ልመለስ። ጓደኛዬ «ሌላ ቁልፍ እናስገባለት፣ ይጠፋል» አለ። እርግጥ ሊጠፋ ይችል ነበር። እኔ ግን የአቧራ ማጥፊያውን ብሩሽ ይዤ ሳጥኑን ሳዞረው ከጎኑ ላይ አንድ ተለጣፊ ወረቀት አየሁ። ጠርዙ ተልጧል፣ ቀለሙም ከማገላበጥ ብዛት ደብዝዟል። የዊንዶውስ ኤክስፒ ፕሮፌሽናል የእውነተኛነት ማረጋገጫ ነው፤ ከሥሩ 25ቱ ፊደላት ተደርድረዋል። ኮምፒውተሩ በውጭ አገር አንድ መሥሪያ ቤት ሲሠራበት ቆይቶ አሮጌ ሆኖ ወደ አገር ቤት የገባ ነበር። ፋብሪካው ከነፈቃዱ ሽጦታል፤ ፈቃዱም ከመሣሪያው ጋር የተጣበቀ ነው። እዚህ የሸጠላቸው ነጋዴ ግን ፎርማት አድርጎ በእጁ የነበረውን ሲዲ ጫነበት። ሕጋዊውን አጥፍቶ ሕገ ወጡን የተካ ማንም ይሁን ማን፣ ከጎኑ ያለውን ወረቀት ዞር ብሎ አላየውም ማለት ነው።

ሁለት ፊደሎች ሊነበቡ አልቻሉም። አንደኛው «ቢ» ይሁን «8» ለመለየት የእጅ ባትሪ በጎን አብርተን፣ የሰዓት ሠሪ ጎረቤታችንን ማጉያ መነጽር ተውሰን ነበር ያየነው። ሲዲውም ከተለጣፊው ዓይነት ጋር የሚገጥም መሆን አለበት፤ በሱቅ ለብቻው የሚሸጠው ዊንዶውስ ቁልፍ ከፋብሪካ ጋር ለሚመጣው አይሆንም፣ የፋብሪካውም ለሌላው አይሆንም። የሚገጥመውን ሲዲ ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብን። ትልልቆቹ የኮምፒውተር ፋብሪካዎች በሚለጥፉት ቁልፍ በኢንተርኔት አክቲቬት ማድረግ እ.ኤ.አ. ከ2005 መጀመሪያ ጀምሮ ስለተዘጋ፣ ወደ ውጭ አገር ደውለን አሃዞቹን አንድ በአንድ አነበብን። ጓደኛዬ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። የመጨረሻዎቹን ስድስት አሃዞች ሳስገባ ጽሑፉ ጠፋ። ፎርማቱ የግዕዝ ፊደሎቻቸውን አብሮ ስላጠፋባቸው፣ የአማርኛ ደብዳቤዎቻቸው ሁሉ የላቲን ምልክት ዝርክርክ ሆነው ቆዩዋቸው፤ የፊደል ፕሮግራሙን መልሰን ጭነን ነው የተስተካከለው። በፍተሻው ምክንያት የመጣ ሥራ ይህን ሁሉ ይጨምራል።

ፍተሻው በእሳቸው ላይ ያወጣው ፍርድ ሐሰት አልነበረም፤ በውስጡ የተጫነው ቅጂ በእርግጥ ያልተፈቀደ ነበር። ነገር ግን ለመሣሪያው ፈቃድ የተከፈለበት መሆኑን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ቁልፉን ያያል፤ ሰውየውን፣ ሻጩን፣ ከጎን የተለጠፈውን ወረቀት አያይም።

የኩባንያውን መብት የምጠራጠር ሰው አይደለሁም። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ማንኛውም የፈጠራ ሥራ ይጠብቀዋል፤ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም የሠሩ የአገራችን ባለሙያዎችም ሥራቸው በየቤቱ ሲገለበጥ ምን ያህል እንደተጎዱ ሁላችንም እናውቃለን። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ላይ ከተፈተሹት ኮምፒውተሮች ከአምስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ፍተሻውን አለማለፋቸውን ገልጾ ነበር። ይህን ያህል ነገር የተወሰደበት ማንም ባለቤት ይፈትሻል። ክርክሬ በምን መንገድ ይፈትሻል፣ ሲሳሳትስ ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2006 ማስጠንቀቂያ የሚያሳየው ፕሮግራም መሰራጨት ሲጀምር የተላከው ማሻሻያዎችን በራሱ በሚያወርደው አውቶማቲክ አፕዴት በኩል፣ ከደህንነት ማሻሻያዎች ጎን ተሰልፎ፣ በተመሳሳይ የአጣዳፊነት ምልክት ነበር። ተጠቃሚው ኮምፒውተሩን ከጥቃት የሚጠብቅለት መስሎት ይጭነዋል፤ የሚጫነው ግን ስለ እሱ የሚመሰክር ነው። በሰኔ ወር ደግሞ ፕሮግራሙ በየቀኑ ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ጋር እንደሚገናኝ፣ ይህም ለተጠቃሚው በግልጽ እንዳልተነገረ በባለሙያዎች ተደረሰበት። ኩባንያው ግንኙነቱ መኖሩን አመነ፤ ዓላማው ፕሮግራሙ ችግር ቢያመጣ ከሩቅ ለማጥፋት እንደሆነ አስረድቶ በሚቀጥለው እትም አስቀረው። አሜሪካ ውስጥ በፍርድ ቤት የተከሰሰበት ክስ ከዓመታት በኋላ ውድቅ ሆኗል። ሕጉ ምንም ቢል፣ የደህንነት ማሻሻያ ለሚመጣበት መስመር የነበረን እምነት ያኔ ነው የተሸረሸረው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 የደረሰው ደግሞ ክርክሩን ሁሉ በአንድ ቀን ያሳየ ነው። አርብ ነሐሴ 24 ቀን ገና በሙከራ ላይ የነበረ ኮድ በሰው ስሕተት ሥራ ላይ ባሉት ሰርቨሮች ላይ ተጫነ። የአክቲቬሽኑ ክፍል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተስተካከለ፤ ሕጋዊነትን የሚፈትሸው ክፍል ግን እስከ ማግሥቱ ድረስ፣ 19 ሰዓት ያህል፣ ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙ ሰዎችን «ቅጂዎ ትክክለኛ አይደለም» ሲል ዋለ፤ አደረም። የዊንዶውስ ቪስታ ተጠቃሚዎች የመስኮቶቻቸው ብርሃን አስተላላፊ ውበትና ሌሎች የስርዓቱ ክፍሎች ተዘጉባቸው። ማይክሮሶፍት የተጎዱት ኮምፒውተሮች ከ12,000 እንደማይበልጡ ተናግሯል። ከአጠቃላዩ ቁጥር አንጻር ጥቂት ነው። ሆኖም ልብ የሚባለው፣ ሰርቨሩ ሲታመም ስርዓቱ ተጠቃሚውን ንጹሕ አድርጎ ሳይሆን ጥፋተኛ አድርጎ መያዙ ነው። መልስ ያጣ ፈታሽ ደንበኛውን ማሳለፍ እንጂ ማገድ የለበትም። ኩባንያውም ከዚህ ተምሮ ይመስለኛል፣ በ2008 በወጣው የቪስታ የማሻሻያ ጥቅል (ሰርቪስ ፓክ 1) ፍተሻ ያላለፈን ኮምፒውተር ብራውዘር ብቻ ለአንድ ሰዓት ከፍቶ የሚያስወጣውን የቅጣት አሠራር አስቀርቶ በማሳሰቢያ ተካው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በቻይና የሆነው ግን ከሁሉ ይበልጥ ወደ እኛ ሥራ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 20 ቀን 2008 ጀምሮ በተሰራጨው አዲስ ማስጠንቀቂያ፣ ፍተሻውን ያላለፈ የዊንዶውስ ኤክስፒ ፕሮፌሽናል ገጽ በየሰዓቱ ጥቁር ይሆን ነበር። ተጠቃሚው ሥዕሉን ቢመልሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይጠቁራል። በቻይና ከፍተኛ ቁጣ ተነሣ፤ ሕዝቡም ከጥቁሩ ገጽ ለመሸሽ በመጀመሪያ ያደረገው አውቶማቲክ አፕዴትን መዝጋት ነበር። ጥቅምት 23 ቀን፣ ይኸውም ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማይክሮሶፍት ወርኃዊውን መርሐ ግብር ሳይጠብቅ እጅግ አጣዳፊ የሆነ የደህንነት ማሻሻያ አወጣ። የማሻሻያው ቁጥር 958644 ነው፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ይህ ማሻሻያ ፈቃድ ለሌላቸው ኮምፒውተሮችም በአውቶማቲክ አፕዴት በኩል ይደርስ ነበር፤ ሊቀበለው የሚችለው ግን መስመሩን ያልዘጋ ብቻ ነው። በኅዳር ኮንፊከር የተባለው ትል፣ ማለትም ራሱን እያባዛ የሚዛመት ጎጂ ፕሮግራም፣ ይህ ማሻሻያ በሚደፍነው ቀዳዳ ገብቶ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮን ኮምፒውተሮችን ያዘ።

የእኛ ሱቅ ጥፋት የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። እኚያ እናት ከመጡ ወዲህ በየሳምንቱ በዚያው ጽሑፍ ምክንያት የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ከጎኑ ተለጣፊ ያለው ኮምፒውተር አልነበራቸውም፤ ፈቃድ ልግዛ የሚል ቢገኝ እንኳ እኔና መሰሎቼ በውጭ ምንዛሬ በኢንተርኔት የምንከፍልበት መንገድ አልነበረንም። ደንበኛው «አፕዴቱን ዝጋልኝ፣ እሱ ነው የሚያመጣው» ይላል፤ እኛም እንዘጋለን። ኋላ ላይ ደንበኛው ሳይጠይቅም መዝጋት ጀመርን፤ ፎርማት ከተደረገ በኋላ የመጨረሻው ሥራ ሆኖ ቀረ። በከተማው ውስጥ የምናውቃቸው ጥገና ቤቶች ሁሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ 14 ኮምፒውተሮችን ያዘጋጀንለት አንድ ቢሮ ደወለልን። ሠራተኞቹ የይለፍ ቃላቸውን በትክክል እያስገቡ ስርዓቱ «ተቆልፏል» ይላቸዋል፤ ኔትወርኩ ተንቀራፍፏል፤ የጸረ ቫይረስ ኩባንያዎች ድረ ገጾች አልከፈት ብለዋል፣ ሌሎች ገጾች ግን ይከፈታሉ። ኮንፊከር ራሱን የሚገልጥባቸው ምልክቶች እነዚሁ ነበሩ። ማሻሻያውን በፍላሽ ይዤ እንዳልሄድ ትሉ በፍላሽም ይተላለፋል፤ ስለዚህ በሲዲ ጽፌ፣ የኔትወርክ ገመዱን ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር ነቅዬ፣ አንድ በአንድ አጸዳሁ፣ 958644ን ጫንኩ፣ ገመዱን መልሼ ሰካሁ። አሥረኛው ላይ ስደርስ የቢሮው ጸሐፊ ሻይ አምጥታልኝ «ወንድሜ፣ ይህ ነገር ከየት መጣብን?» አለችኝ። ከአራት ወር በፊት ወጥቶ የነበረውን ማሻሻያ እንዳይገባ የዘጋነው እኛ መሆናችንን ነገርኳት። አፕዴቱን የዘጋሁት በእጄ ነው፤ በ14ቱም ላይ።

ይህንን የምጽፈው ጥፋቱን ወደ ሌላ ለመጣል አይደለም። ያልተፈቀደ ቅጂ የጫንን እኛ ነን። ይሁን እንጂ አንድ ኩባንያ መድኃኒት የሚያስተላልፍበትን ቧንቧ የማስጠንቀቂያና የቅጣት መላኪያ ሲያደርገው፣ ሰው ቧንቧውን እንደሚደፍነው አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት። በተለይ ትል የሚዛመተው ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ስለሆነ ፈቃድ የሌለው ኮምፒውተር ሲያዝ ከፍሎ የገዛውም ጎረቤቱ ለአደጋ ይጋለጣል። ከዚያ ቢሮ 14 ኮምፒውተሮች መካከል ሁለቱ ከፋብሪካ ሕጋዊ ዊንዶውስ ይዘው የመጡና እኛ ያልነካናቸው ነበሩ ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሁለት ሊተርፉ ይችሉ ነበር። ግን ሁሉንም ፎርማት አድርገናቸው ነበር።

ዛሬ ያለው አሠራር ከዚያን ጊዜው በእጅጉ የተሻለ መሆኑን በሙሉ ልብ እናገራለሁ። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ከወጣ ወዲህ አክቲቬት ያልተደረገ ኮምፒውተር በገጹ ጥግ ደብዛዛ ማሳሰቢያ ያሳያል፣ የገጹን ሥዕልና ቀለም መቀየርም ይከለክላል፤ የደህንነት ማሻሻያው ግን በዚህ ምክንያት አይቋረጥበትም። ፍተሻ ማለት ለእኔ እንዲህ ያለው ነው፤ ለባለቤቱ ይነግራል፣ ያሳስባል፣ ጤናውን ግን አይነካም። ስሕተት ፈጽሞ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 በአክቲቬሽን ሰርቨሮች ብልሽት የዊንዶውስ 10 ፕሮ (የሥራ እትሙ) ባለቤቶች የያዛችሁት የሆም (የቤት እትሙ) ፈቃድ ነው ተብለው ነበር፤ ያም ሆኖ ሥራቸው አልቆመም፣ ችግሩም ወዲያው ተስተካከለ።

የቀረው ችግር በአመዛኙ በእኛ በባለሙያዎቹ ዘንድ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በተሠሩ ላፕቶፖች ላይ የፋብሪካው ቁልፍ በወረቀት አይለጠፍም፤ በማዘርቦርዱ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ላይ ባለው ማኅደር ውስጥ ተጽፎ ይመጣል። ትክክለኛው እትም ከተጫነ ስርዓቱ ቁልፉን ራሱ አንብቦ ኢንተርኔት ሲያገኝ አክቲቬት ይሆናል፤ የሚጻፍ ፊደል፣ የሚደወል ስልክ የለም። ሆኖም በየጥገና ቤቱ የሆም ፈቃድ ባለው ላፕቶፕ ላይ ፕሮ ይጫንበታል፤ ፕሮው ፈቃድ ስለሌለው ክራክ፣ ማለትም ፍተሻውን በማታለል የሚያልፍ ፕሮግራም፣ ይፈለግለታል፤ ክራኩ እንዲሠራ ጸረ ቫይረሱ ይጠፋል። ሕጋዊ የነበረው ኮምፒውተር ሕገ ወጥም፣ ጥበቃ የሌለውም ሆኖ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ባለቤቱም ለዚህ ገንዘብ ይከፍላል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ አመጣችልኝ። የመመረቂያ ጽሑፏን እየጻፈች በየጊዜው ጥግ ላይ የሚወጣው ማሳሰቢያ አስጨንቋት «ጋሼ፣ ኮምፒውተሬ የተሰረቀ ነው እንዴ?» ትላለች። መጀመሪያ ያየሁት በማዘርቦርዱ ላይ ቁልፍ መኖር አለመኖሩን ነው፤ አለ፣ የሆም ቁልፍ ነው። ፋይሎቿን ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጬ፣ ሆምን ከማይክሮሶፍት ገጽ ከወረደ ንጹሕ ቅጂ ጫንኩላትና ከኢንተርኔቱ ጋር አገናኘሁት። አክቲቬሽኑ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። አፕዴቱን ከፍቼ ተውኩት፤ የሁለት ዓመት ውዝፍ ስለነበረበት ወርዶ እስኪያልቅ እስከ ማታ አብረን ጠበቅነው።